ባዶውን ያልተመለሰው ዲስክ

ሳሎናችን ጥግ፣ ከቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ሥር፣ ስክሪን የሌለው አሮጌ ኮምፒውተር አለ። ቤታችን የመጣ እንግዳ ሁሉ አንዴ ጎንበስ ብሎ ያየውና ተበላሽቶ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል። አልተበላሸም። ቀን ከሌት ይሠራል፤ የሚያሳየው ምስል ስለሌለው ብቻ ሰው የሞተ ይመስለዋል። ባለቤቴ መጀመሪያ ሰሞን የእኔ ሚስት ምንም የማያሳይ ኮምፒውተር አላት እያለ ከጓደኞቹ ጋር ይስቅብኝ ነበር። ይሳቅ። እኔ ሆሳዕና ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አይሲቲ የማስተምር ሰው ነኝ፤ ሲሳቅብኝ ሥራዬን የምተው ብሆን ኖሮ ገና ድሮ በተውኩት።

ነገሩ የጀመረው ከንዴት ነው። የመጀመሪያ ልጄን የሕፃንነት ፎቶዎች ጠራርጎ ያጠፋብኝ አንድ ፍላሽ ይዞት የመጣ ቫይረስ ነበር። እዚህ ከተማ ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ፎቶ ቤት ይሰካል፣ ጽሕፈት ቤት ይሰካል፣ መዝሙር የሚጭኑበት ሱቅ ይሰካል፣ መጨረሻ ላይ ሰው ቤት ገብቶ የሰበሰበውን ያራግፋል። ያን ቀን ከእንግዲህ የቤቴን ነገር ለዕድል አሳልፌ አልሰጥም አልኩ። ከዩኒክስ ቤተሰብ የሆነ፣ ማንም ሰው በነፃ አውርዶ የሚጭነው ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንዳለ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ተምሬያለሁ፤ ትዝ ያለኝ ግን ያኔ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃውን ሲያስወግድ ያገኘሁትን ኮምፒውተር አቧራውን አራግፌ እሱን ጫንኩበት።

ጫንኩበት ስል በአንዴ የሆነ እንዳይመስል። አራት ጊዜ ነው የጫንኩት፤ ሦስቱን ራሴ አበላሸሁት። የሚያዝበት ማውስ የለ፣ የሚነካ ሥዕል የለ፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ፊደል ብቻ ነው። አንዲት ነጥብ ከተሳሳትሽ አይሠራም፣ ለምን እንዳልሠራም በትሕትና አያስረዳሽም። መመሪያውን አትሜ፣ ፈተና በማርምበት ቀይ እስክሪብቶ እያሰመርኩ ቅዳሜ ቅዳሜ አነበብኩት። በአራተኛው ሲሳካ ከትምህርት ቤቱ የተዋስኩትን ስክሪን ነቅዬ መለስኩ። ከዚያ በኋላ የቤታችን ዋይፋይ የደረሰበት ስልክ ሁሉ ከዚያ ሳጥን ፎቶ ያያል፣ መዝሙር ይሰማል፣ ልጆቼ የመማሪያ መጽሐፋቸውን ያነባሉ። በከተማው ኢንተርኔት ሲጠፋ ጎረቤት ስልኩን ወደ ሰማይ ያነሳል፤ የእኛ ቤት የራሱን ነገር ከራሱ ያወጣል። በዚህ እኮራ ነበር፤ ልክ አለፈች የሚሉኝም ነበሩ።

ሳጥኑ ዋጋው የታወቀው ግን በአባቴ ምክንያት ነው።

አባቴ ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ባለ ገጠር የኖሩ ገበሬና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። የሚታወቁት በድምፃቸው ነበር። ማዶ ያለ ሰው ሲጠሩ መሐል ላይ መልእክት የሚያቀብል ሰው አያስፈልጋቸውም። ዕርቅ ላይ ሲናገሩ ሰው ሳሉን ይውጣል። የሀዲያ ሽማግሌ የዘር ሐረጉን ወደ ኋላ መቁጠር ያውቅበታል፤ የእሳቸው አቆጣጠር ግን በየስሙ ላይ ታሪክ አለበት፤ ማን ከየት እንደመጣ፣ ማን ከማን ተጣልቶ ወንዝ እንደተሻገረ፣ የትኛው እንሰት በማን እጅ እንደተተከለ። አንድ ክረምት እርሻው ጭቃ ሆኖ ቤት ሲውሉ ስልኬን ፊታቸው አስቀምጬ እየጠየቅሁ ቀዳሁ። በሀዲይሳ ነው የሚያወሩት፤ የእኔ ልጆች በደንብ የማይሰሙት ቋንቋ። አሥራ አንድ ቅጂ ሆነ። ሳጥኑ ላይ አስቀመጥኩና ስልኬ ስለሞላ ከስልኬ አጠፋሁት።

በዓመቱ አባቴን ጉሮሯቸውን ያዛቸው። መጀመሪያ ጉንፋን ነው አልን፤ ቀጥሎ የስብከት ብዛት ነው አልን። አዲስ አበባ ስንሄድ ሐኪሞቹ ማንቁርታቸው ካልወጣ አይድኑም አሉን። ወጣ። አባቴ ዳኑ፤ ድምፃቸው ግን እዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ እኔ ቤት ነው የሚኖሩት። የሚናገሩት በደብተር ነው፤ አንዳንዴ በሀዲይሳ አንዳንዴ በአማርኛ፣ በትላልቅ ፊደል፣ እስክሪብቶውን እንደ መቆፈሪያ ጠበቅ አድርገው ይዘው ይጽፋሉ።

ከምሳ በኋላ ስልክ ይዘው ሶፋው ላይ ይቀመጡና ከሳጥኑ ውስጥ የራሳቸውን ድምፅ ይከፍታሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፤ ከንፈራቸው አብሮ ይንቀሳቀሳል። ልጆቼ አጠገባቸው ይቀመጣሉ፤ ያልገባቸው ቃል ሲመጣ አባቴ ስልኩን ያቆሙና በደብተሩ ይጽፉላቸዋል። የአባቴ ድምፅ በዚህ ምድር ላይ ያለው እዚያ ሳጥን ውስጥ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ሁለተኛ ቅጂ ያስፈልጋል አልኩ። ባለቤቴ በቴሌግራም ለራስሽ ላኪውና ተገላገይ አለኝ። የአባቴን ድምፅ የት እንዳለ በማላውቀው ኮምፒውተር ላይ አላስቀምጥም ብዬ ተቆጣሁ። ትልቅ ዲስክ አገኘሁ፤ በራሴ ሲስተም፣ በራሱ አሠራር ሁሉንም ገለበጥኩበት። ቅጂ የሚቀመጠው ሌላ ቤት ነው፤ እሳትም ሌባም ሁለት ከተማ በአንዴ አይሄድም። ዱራሜ ያለችው፣ ከእኔ ቀድማ ያገባችው ታናሽ እህቴ ዘንድ ይቀመጥ ብዬ መናኸሪያ ሄጄ ለምናውቀው የሚኒባስ ሹፌር ሰጠሁት። ለእህቴ ደወልኩና አንድ ዲስክ ልኬልሻለሁ፣ እስክጠይቅሽ አስቀምጪልኝ አልኳት። ውስጡ ምን እንዳለ አልነገርኳትም።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ አንድ ከሰዓት መብራት ሄደ፤ ሲመጣ ከመጠን በላይ ሆኖ መጣ። አምፖል ተቃጠለ፣ የጎረቤት ፍሪጅ ተቃጠለ፣ የእኔ ሳጥን ውስጥ ያለው ዲስክ እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረና ዝም አለ። ባለቤቴ ደንግጦ አየኝ። እኔ አልደነገጥኩም። ዱራሜ አለ አልኩት፤ በጣም ረጋ ብዬ ነው ያልኩት፣ ያቺን ቀን ስጠብቅ የኖርኩ ይመስል። ለእህቴ ደውዬ ዲስኩን ላኪልኝ ስላት ዛሬ አልችልም፣ ከነገ ወዲያ እልከዋለሁ አለች።

ከነገ ወዲያ ሹፌሩ ሁለት ነገር ሰጠኝ፤ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤና በልብስ የተጠቀለለ ዲስክ። ቤት ሄጄ አዲስ ዲስክ ወዳስገባሁለት ሳጥን ሰካሁት። ሲስተሙ የሚያውቀውን ነገር አላገኘም። ደግሜ ሰካሁት። ላፕቶፕ ላይ ሰካሁት፤ ወዲያው ተከፈተ። አንድ ፎልደር ብቻ ነበረበት፤ "ሰርግ" ይላል።

ደወልኩላት። ደስ ብሏት ነው ያነሳችው። ዲስኩን ልትልክልኝ ስታወጣው እስቲ ምን እንዳለበት ልየው ብላ ላፕቶፗ ላይ ሰክታዋለች። ላፕቶፑ የእኔን ሲስተም ጽሑፍ ማንበብ አይችልም፤ ይህ ዲስክ ለመጠቀም አልተዘጋጀም፣ ፎርማት ላድርገው ወይ ብሎ ጠይቋታል፤ እሺ ብላዋለች።

"ባዶውን ነው የላክሽው፤ ባዶውን እንዴት ልመልሰው?" አለችኝ። "የልጄን ሰርግ ቪዲዮ አላየሁም ስትዪኝ አልነበር? ሁለት ቀን ሙሉ እሱን ስገለብጥልሽ ነው የቆየሁት።"

እኛ ዘንድ ቅቤ የመጣበት ቅል፣ ቆጮ የመጣበት ሰሃን ባዶውን ለባለቤቱ አይመለስም። ቢያንስ ጥቂት በቆሎ፣ ቢያንስ አንድ ጎመን ይገባበታል። እናታችን ያሳደገችን እንደዚያ ነው። እህቴ የሰው ዕቃ አክብራ ሞልታ መለሰችልኝ። ይህን ሁሉ አሁን ነው የማወራው፤ ያን ሰዓት ግን አላሰብኩትም። የአባባን ድምፅ ደመሰስሽው፣ እሳቸው እየሰሙ የሚኖሩበትን ድምፅ አጠፋሽው አልኳት። ሌላም ብያለሁ፤ መጻፍ ያሳፍረኛል። ስታለቅስ ሰማሁና ስልኩ ተዘጋ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ተማሪዎቼን ፋይላችሁ ላይ ስም ጻፉ እያልኩ ማርክ የምቀንስ ሰው፣ ዲስኩ ላይ አንዲት ቃል አልጻፍኩም። ለእህቴም አልነገርኳትም። እውነቱን ልናገርና ያን ነገር እኔ ብቻ የማውቀው መሆኑ ደስ ይለኝ ነበር። የማንም ላፕቶፕ የማያነበው መሆኑን እንደ ቁልፍ ቆጥሬው ነበር።

አባቴ ሁለት ቀን ሙሉ ከምሳ በኋላ ስልኩን እያነሱ ሲያስቀምጡ አይቻቸዋለሁ። በሦስተኛው ቀን "አልተሠራም?" ብለው ጻፉልኝ። አጠገባቸው ተቀምጬ የሆነውን በሙሉ ነገርኳቸው፤ የእህቴንም የእኔንም። ከዚያ እስክሪብቶውን አነሱና አንድ ቃል ጻፉ።

"ፈልጊ።"

ፍለጋ ጀመርኩ። ፎርማት ማድረግ ዝርዝሩን እንጂ ነገሩን ሁሉ አያጠፋም። የቆጮ ጉድጓድ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ቢነሳ ጉድጓዱ የት እንደሆነ ይጠፋል፤ ቆጮው ግን ከአፈሩ ሥር አለ። የሰርጉ ቪዲዮ ያረፈበት ቦታ ጠፍቷል፤ ዲስኩ ግን ትልቅ ነው፣ ቪዲዮው ያልደረሰበት ብዙ ቦታ አለ። መጀመሪያ ማድረግ ያለብኝ ዲስኩ ላይ ምንም ሳልጽፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ነው። ሌላውን ዲስክ ከሥራ ባልደረባዬ ተዋስኩ። ሰው እንዳያጠፋው ሳጥኑ ላይ "ሥራ ላይ ነው፣ አትንኩ" ብዬ በትልቁ ጽፌ ለጠፍኩ። ረፍዶም ቢሆን ሰው ይማራል።

ግልበጣው በተጀመረ በሁለት ሰዓት ውስጥ መብራት ሄደ። ሲመጣ ቀጠልኩ፤ እንደገና ሄደ። ደግነቱ ነፃው ሲስተም ላይ ያገኘሁት ፕሮግራም የት እንደደረሰ ማስታወሻ ይይዛል፤ ከቆመበት እንጂ ከዜሮ አይጀምርም። በዚህ ዓይነት ሦስት ቀን ሄደ። በአራተኛው ቀን ባለቤቴ ከአንድ ጋራዥ የመኪና ባትሪና ኢንቨርተር ተሸክሞ፣ በባጃጅ ጭኖ መጣ። ምንም ለማያሳየው ኮምፒውተርሽ ነው አለኝ። ዞሬ እንባዬን ጠረግሁ፤ እሱም ያላየ መስሎ ገመዱን መፍታት ያዘ።

ግልበጣው ሲያልቅ ፋይልን በስሙ ሳይሆን በቅርፁ የሚፈልግ ሌላ ፕሮግራም አስነሳሁ። ድምፅ የሚመስለውን ሁሉ ለቅሞ ቁጥር እየሰጠ ያስቀምጣል። ከመጠን ያለፈ ነገር ለቀመ። ዲስኩ ላይ የነበረ መዝሙር ሁሉ፣ የስልክ ጥሪ ድምፅ፣ ተማሪዎቼ የሠሩት ፕሮጀክት፣ ግማሹ የተቆረጠ፣ ግማሹ ከመሐል የሚጀምር። እያንዳንዱን ሰው መስማት ነበረበት። እኔ ትምህርት ቤት እውላለሁ፤ ስለዚህ አባቴ ሰሙ። ኢርፎን ጆሯቸው ላይ ሰክተው፣ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ የእሳቸው ላልሆነው መስመር ይሰርዛሉ፣ የእሳቸው ለሆነው ቁጥሩን በክብ ይከብባሉ። እርሻ ላይ እንደዚያ ሲደክሙ ነው የማውቃቸው፤ ጠዋት ገብተው ለምሳ ወጥተው መልሰው ይገባሉ። መዝሙር ሲመጣባቸው ግን አይሰርዙም፤ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ይሰሙታል። አንድ ቀን ገና መቶኛው ላይ ነዎት ብዬ ስቆጣ ደብተሩን አዙረው ዝም በይ የሚል ጻፉልኝ።

ከአሥራ አንዱ ሰባት አገኘን። አራቱ የሉም። የዘር ሐረጉን ከጫፍ እስከ ጫፍ የቆጠሩበት ከሌሉት ውስጥ ነው። ደግሜ ፈለግሁ፤ ፕሮግራሙን ቀየርኩ፤ ከተቆራረጡት ውስጥ ቅንጭብ እንኳ ይኖር ይሆን ብዬ አንድ ሳምንት አገላበጥኩ። የለም። አባቴ ስሞቹን አንድ በአንድ በደብተራቸው ጽፈው፣ ገጹን ቀደው ሰጡኝ። ተቀብዬ ሳምኩት። ግን ወረቀት ነው፤ የድምፃቸውን አነሳስ ወረቀት አይዘውም። እሳቸውም ፊቴን አይተው ይህ የገባቸው ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ቅጂ ሦስት ሆነ። አንዱ ቤት፣ አንዱ ሙዱላ ያለችው አክስቴ ዘንድ፣ አንዱ ዱራሜ። ሦስቱም ላይ "የአባባ ድምፅ ነው፣ ምንም አትጨምሩ፣ ምንም አታጥፉ" ብዬ በማይለቅ ቀለም ጻፍኩ፤ የማንም ላፕቶፕ እንዲያነባቸውም አድርጌ አዘጋጀኋቸው። ባለቤቴ እያየ፣ በቴሌግራምም ለራሴ ላክሁት። ላለመሳቅ ምን ያህል እንደታገለ ከትከሻው ያስታውቅ ነበር። ዱራሜ ያለውን ግን ለሹፌር አልሰጠሁም። ራሴ ይዤ ሄድኩና እህቴን ይቅርታ ጠየቅኋት። እሷም ቡና ጠጪ ሳትል መጀመሪያ አንድ ነገር ብቻ አለችኝ።

"አባባ ያንቺ ብቻ ናቸው እንዴ? ውስጡ ምን እንዳለ ብትነግሪኝ ኖሮ ሥሩ እተኛ ነበር።"

አብረን የተገኙትን ቅጂዎች ሁሉ ሰማን፤ የአባባን ታሪክ ከኔ ይልቅ እሷ ናት ቃል በቃል የምታውቀው።

ስመለስ የቀረኝ ሥራ ያን ሰርግ ያለበትን ዲስክ ጠርጎ ባዶ ማድረግ ነበር። ለልጆቼ ትምህርት ቦታ ያስፈልገኛል። ሰርጉን ለማየትም ልቤ አልፈቀደም፤ አራቱን ቅጂ የበላው እሱ ነው። ትእዛዙን ጽፌ ልጨርስ ስል አባቴ እጄን ያዙ። "የልጅ ልጄ ሰርግ ነው፣ አሳዪኝ" ብለው ጻፉ። ሰርጉ የተደረገው ከሕመማቸው በፊት፣ ዱራሜ፣ እህቴ ግቢ ነበር። እምቢ ማለት አልቻልኩም። ቴሌቪዥኑ ላይ ከፈትኩላቸውና አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ድንኳን፣ ሰው፣ መኪና ሲገባ፣ ሙሽሪት ስትወጣ። ከዚያ የምርቃቱ ሰዓት መጣ። አባቴ መሐል ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ሙሽሮቹ ፊታቸው ተንበርክከዋል፤ አንድ ሰው ማይክ አቀበላቸው። አልጀመሩም። ማይኩን ወደ ጎን አድርገው ዙሪያቸውን አዩ። ከዚያ ስሜን ጠሩ። እሳቸው ብቻ በሚጠሩኝ አጠራር፣ መጨረሻውን ሳብ አድርገው። ታላቋ ልጄ የት አለች፣ እሷ ሳትመጣ አልጀምርም አሉ በሀዲይሳ። አንዲት ሴት ከበሩ ጠጋ ብላ ጓዳ አተካና እያቀረበች ነው፣ ጀምሩ ብላለች አለቻቸው። እውነት ነው፤ ብያለሁ። የአተካናውን ሰሃን፣ ቡላ በቅቤ የሚሠራውን የድግስ ምግባችንን፣ በእጄ ይዤ፣ ቀና እንኳ ሳልል ነው ያልኩት። አባቴ አልሰሟትም መሰለኝ፣ ወይ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነው ነው፤ ፊታቸውን ወደ ቤቱ አዙረው ሁለተኛ ጠሩኝ፤ ያለ ማይክ፣ ማዶ እንደሚጣራ ሰው። ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ ማይኩን መልሰው አነሱና መመረቅ ጀመሩ።

ቪዲዮውን አቆምኩት። አሥራ አንድ ቅጂ ስቀዳ የአያቶቻቸውን አያት ስም ጠይቄያለሁ፤ የእኔ ስም ግን አንዱም ውስጥ የለም። ፊታቸው ተቀምጬ ስለነበር የሚጠሩኝ ምክንያት አልነበራቸውም። ወደ ኋላ መለስኩና እንደገና ከፈትኩት። ጠሩኝ።

"አቤት፣ አባባ" አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ለቴሌቪዥኑ።

አጠገቤ ያሉት አባቴ ዞር ብለው አዩኝ። ደብተራቸውን ከጉልበታቸው አንስተው ጻፉና አዞሩልኝ።

"ምነው ቆየሽ?" ይላል።